ማዘርቦርዱ ሲቀየር ፕሮግራሙ ለምን ይቆለፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሐዋሳ የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ የሚሸጥ ፕሮግራም። ገሚሶቹ ተቆልፎባቸው የጻፉልን ናቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ መቆለፊያውን ራሳቸው የሚሠሩ። መልሶቹን አንድ ላይ ያወጣናቸው ሆን ብለን ነው። ቁልፍ የሚሠራ ሰው የተቆለፈበትን ሰው ደብዳቤ ማንበብ አለበት።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ ፋርማሲ አለኝ። የመድኃኒት ገቢና ወጪ የምንመዘግብበትን ፕሮግራም ገዝተን ሦስት ዓመት ተጠቀምንበት። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ፤ ጥገና ወስጄው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ተቀየረ። አሁን ኮምፒውተሩ ደህና ይሠራል፣ ፕሮግራሙ ግን «ይህ ኮምፒውተር አልተመዘገበም» ብሎ ረጅም ቁጥር ያሳየኛል። ጠጋኙ «ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ይጫን» ይለኛል። ላስደርገው?
— የፋርማሲ ባለቤት፣ ከመናኸሪያ

መልስ፦ አያስደርጉት። ፎርማት ችግሩን አይፈታውም፤ እንዲያውም በእጅዎ ያለውን ማስረጃ ያጠፋብዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲጫን ከኮምፒውተሩ ክፍሎች መለያ ቁጥሮችን ያነባል፤ ከማዘርቦርዱ፣ ከሃርድ ዲስኩ፣ ከኔትወርክ ካርዱ፣ ከዊንዶውሱ። ከእነዚህ አንድ የመጠየቂያ ቁጥር ያወጣል፣ ሻጩም ለዚያ ቁጥር ብቻ የሚሠራ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ይሰጣል። ማዘርቦርዱ ሲቀየር የቦርዱ መለያ ሄደ። የኬብል ኔትወርክ ካርዱም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አብሮት ሄደ። አሁን «ያው የድሮው ኮምፒውተር ነው» ብለው የሚመሰክሩልዎት ሁለት ቀርተዋል፤ ዲስኩና ዊንዶውሱ። ፎርማት ካደረጉ አንዱን ምስክር በገዛ እጅዎ ያጠፋሉ፤ የመድኃኒት መዝገቡም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

አስቀድመው መረጃዎን ያውጡ። ፕሮግራሙ ቢቆለፍም መዝገቡ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው። በየትኛው ፎልደር እንደሚቀመጥ ሻጩን ጠይቀው ወደ ፍላሽ ይገልብጡት። መዝገቡ በኤስኪውኤል ሰርቨር (የመረጃ ቋት በሚያስተዳድር ፕሮግራም) የተያዘ ከሆነ ፋይሉን ዝም ብሎ መገልበጥ አይቻልም፤ ሰርቨሩ እየሠራ እያለ ፋይሉን ይዞ ስለማይለቅ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ ነው የሚወጣው።

ቀጥለው ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀንና ዓመት ይመልከቱ። ጥገና ቤት ያገለገለ ቦርድ ሲገጠም ብዙ ጊዜ የቦርዱ ባትሪ ያለቀ ይሆናል። ባትሪው ሳንቲም የሚመስለው ክብ ሲአር2032 ነው። ካለቀ ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ወይም መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ፣ ቦርዱ ከፋብሪካ ወደያዘው ዓመት ይመለሳል። ያን ጊዜ ላይሰንሱ ትክክል ቢሆንም ፕሮግራሙ «ገና አልጀመረም» ወይም «ሰዓቱ ተነካክቷል» ብሎ ይዘጋል። አዲስ ባትሪ በመልቲሜትር 3 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ያነባል፤ ከ2.8 በታች ካነበበ ያስቀይሩት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሻጩ ይደውሉ። በእጅዎ ሊኖሩ የሚገባቸው፦ አሁን የሚታየው ቁጥር በስልክ ፎቶ ተነስቶ፣ ስትገዙ የተሰጠው የድሮ ቁጥር (ብዙ ጊዜ ደረሰኙ ወይም ውሉ ላይ አለ)፣ የጥገናው ደረሰኝ፣ የተነቀለው ቦርድ ጠጋኙ ዘንድ ካለ የእሱም ፎቶ። «አዲስ ላይሰንስ ስጡኝ» አይበሉ፤ «በጥገና ምክንያት ላይሰንሱ ይዛወርልኝ» ይበሉ። አዲስ ላይሰንስ ግዢ ነው፣ ማዛወር ግን ለገዛ ሰው የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ጉዳዩ ቀናት የሚወስድ ከሆነ ጊዜያዊ ላይሰንስ ይጠይቁ፤ መድኃኒት ቤት በወረቀት እየመዘገበ መሰንበት የለበትም።

ለወደፊቱ አንድ ነገር እንጨምር። ላፕቶፕዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ዲስኩን በቢትሎከር (በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ) የሚቆልፍ ከሆነ ቦርድ ከመቀየሩ በፊት ባለ 48 አሃዙን የመመለሻ ቁልፍ አውጥተው ያስቀምጡ። ቦርዱ ከተቀየረ በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ያንን ቁጥር ይጠይቃል፤ እሱ ከሌለ ችግሩ የአንድ ፕሮግራም መሆኑ ቀርቶ የመላው ዲስክ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አቶቴ የምኖር የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ለሆቴሎችና ለካፌዎች የሽያጭ ፕሮግራም በሲ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቼ እሸጣለሁ። አንዱ ገዝቶ ለሌላው እያስኮረጀ አስቸገረኝ፤ ስለዚህ በሲፒዩ (በፕሮሰሰሩ) መለያ ቁጥር ቆለፍኩት። የሚገርመው ሁለት የማይተዋወቁ ደንበኞቼ ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አገኘሁ። ስህተቱ የት ነው? የትኛውን ቁጥር ልጠቀም?
— ፕሮግራመር፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስህተቱ የኮድህ አይደለም። ከዊንዶውስ የምታነበው የፕሮሰሰር መለያ የእያንዳንዱ ሲፒዩ የግል ቁጥር ሳይሆን የሞዴሉ ፊርማ ነው፤ ቤተሰቡን፣ ሞዴሉንና የሚችላቸውን ነገሮች በቁጥር ይገልጻል። አንድ ዓይነት ሲፒዩ ያላቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ያንኑ ይሰጣሉ። ኢንቴል በ1999 እ.ኤ.አ. በፔንቲየም 3 ላይ የእውነት የግል የሆነ ባለ 96 ቢት ቁጥር አስገብቶ ነበር፤ የሰዎችን የግል ሕይወት ይነካል የሚል ብርቱ ተቃውሞ ስለተነሳ በፔንቲየም 4 አስቀረው። እስከ ዛሬ «የሲፒዩ ሴሪያል» ፈልገው የሚደክሙ አሉ፤ ተወው።

ሌሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ብዙ ጀማሪ የሚይዘው የሲ ድራይቭ ቁጥር ነው፤ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ቮል» የሚል ትእዛዝ ሲጻፍ የሚወጣው። ይህ ዲስኩ ፎርማት በተደረገበት ቀንና ሰዓት የሚፈጠር ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው። ፎርማት ሲደረግ ይለወጣል፤ ዲስክ በክሎን (እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ) ሲገለበጥ ደግሞ አብሮ ይገለበጣል። በትንሽ ፕሮግራም እንዳሻህ ልትቀይረውም ትችላለህ። ማለት ጥገና ላይ ይሰናከላል፣ ኩረጃ ላይ ግን ዝም ይላል። ከምትፈልገው ተቃራኒ ነው።

የዲስኩ የፋብሪካ ሴሪያል ይሻላል፤ ፎርማት አይነካውም፣ ክሎንም አይወስደውም። ጥንቃቄው አነባበቡ ላይ ነው። ከዝርዝሩ «የመጀመሪያውን ዲስክ» አትውሰድ፤ ደንበኛው ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሰክቶ ኮምፒውተሩን ሲያስነሳ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል፣ አንተም የፍላሹን ቁጥር ይዘህ ላይሰንስ ትሰጣለህ። ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ለይተህ እሱን አንብብ። ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ቆርጠህ ጣል፣ ፊደሉን ሁሉ ወደ ትልቁ ቀይር። ኤንቪኤምኢ በሚባሉት ፈጣን ዲስኮች ላይ የሚመጣው ቁጥር አራት አራት አሃዝ እየሆነ በስርዝ የተከፋፈለ፣ ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር የማይገጥም ሊሆን ይችላል። አትደናገጥ፤ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ እስካነበብከው ድረስ ያገለግልሃል።

የማዘርቦርዱ ዩዩአይዲ፣ ፋብሪካው የሚሞላው መለያ፣ ባለ 128 ቢት ነው፤ በትልልቅ አምራቾች ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ላይ ከሁሉም አስተማማኝ ነው። ተገጣጥመው በሚሸጡና ቦርዳቸው ስም በሌለው ኮምፒውተሮች ላይ ግን ፋብሪካው ሳይሞላው የተወ ታገኛለህ። ሁሉም ዜሮ፣ ወይም ሁሉም ኤፍ፣ ወይም 03000200-0400-0500-0006-000700080009 ከሆነ ቁጥር አለ አትበል። ይህ የመጨረሻው እውነተኛ ስለሚመስል ያሳስታል፤ ደህና አድርገህ ብታየው ግን 3፣ 2፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 እያለ የሚሄድ የፋብሪካ መሙያ ነው። የቦርዱ ሴሪያልም «ዲፎልት ስትሪንግ» ወይም «ቱ ቢ ፊልድ ባይ ኦ ኢ ኤም» ካለ እንደዚያው ባዶ ነው። የእነዚህን ዝርዝር ፕሮግራምህ ውስጥ አስገባ። ካላስገባህ ያ ቦርድ ያለው ሁሉ በአንድ ላይሰንስ ይገባል።

የዊንዶውሱ የራሱ መለያ፣ ማሺን ጉዪድ የሚባለው፣ ዊንዶውስ ሲጫን ይፈጠራል። ፕሮግራምህ 32 ቢት ሆኖ ዊንዶውሱ 64 ቢት ከሆነ ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ወደ ሌላ ክፍል ስለሚመራህ ባዶ ታገኛለህ፤ ባለ 64 ቢቱን ክፍል ለይተህ ክፈት። «እኔ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ አይሠራም» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

የኔትወርክ ካርድ አድራሻን በተመለከተ ቦርዱ ላይ ያለውን የኬብል ካርድ ብቻ ያዝ። ዋይፋዩ፣ የዩኤስቢ ካርዱ፣ የቪፒኤኑ፣ በ08-00-27 ወይም በ00-50-56 የሚጀምሩት የቨርቹዋል ማሽን ካርዶች ይቅሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ቀላቅለህ አንድ ሃሽ (ወደ መነሻው የማይመለስ አጭር አሻራ) አታድርጋቸው። አንዷ ብትለወጥ ሁሉም ይለወጣልና ምን እንደተቀየረ ማወቅ አትችልም። እያንዳንዱን ለየብቻ ሃሽ አድርግና ነጥብ ስጥ። የምንመክረው፦ ለዩዩአይዲ 4፣ ለዲስኩ ሴሪያል 3፣ ለኬብል ካርዱ 2፣ ለማሺን ጉዪድ 2፤ ድምሩ 11። 6 እና ከዚያ በላይ ከገጠመ ይለፍ።

በዚህ ሂሳብ ዊንዶውስ እንደገና ቢጫን 9 ይቀራል፣ ያልፋል። ዲስኩ ተበላሽቶ አዲስ ቢገባና ዊንዶውስ ቢጫንበት 4 ሲደመር 2፣ 6 ይሆናል፤ ያልፋል። ፕሮግራሙ ከነዊንዶውሱ በክሎን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢወርድ ማሺን ጉዪድ ብቻ ይገጥማል፤ 2፣ ይወድቃል።

ቦርድ ሲቀየር ግን ዲስክና ጉዪድ ይቀራሉ፤ 5። አንድ ሰው ዲስኩን ነቅሎ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ቢሰካውም የሚቀረው ያው 5 ነው። ልብ በል፤ ጥገናና ዝውውር ለፕሮግራሙ አንድ ነገር ናቸው። ምንም ያህል ብልህ ኮድ ብትጽፍ አትለያቸውም፤ የሚለያቸው ሰው ነው። ስለዚህ 5 ላይ በሩን ድርግም አድርገህ አትዝጋ። «የኮምፒውተሩ ክፍል ተቀይሯል፤ በ14 ቀን ውስጥ ይደውሉ» በልና ሙሉ በሙሉ አሠራ። ከላይ የፋርማሲዋን ደብዳቤ አንብበኸዋል። ማይክሮሶፍት እንኳ በ2001 እ.ኤ.አ. ለዊንዶውስ ኤክስፒ አክቲቬሽን (የላይሰንስ ማረጋገጫ) ሲያዘጋጅ አሥር ክፍሎች አነጻጽሮ ጥቂቱ ቢለወጥ ዝም ብሎ እንዲያልፍ ነው ያደረገው።

ዩዩአይዲው ባዶ የሆነበት ኮምፒውተር ሲገጥምህ ድምሩ 7 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዲስክ ተነቅሎ ቢሄድ 5ቱን ይዞ ይሄዳል፣ የምታስቀምጠው ወሰን ሁሉ ወይ ያስጠገነውን ይጎዳል ወይ ኮራጁን ያሳልፋል። እንደዚህ ያለ ደንበኛ ላይ ላላ ብትል ይሻላል፤ ወይም ዋጋው የሚፈቅድ ከሆነ የዩኤስቢ ቁልፍ (ሲሰካ ብቻ ፕሮግራሙን የሚያሠራ ዕቃ) ስጠው።

ጥያቄ፦ ያው ፕሮግራመር በሁለተኛ ደብዳቤው፦ የመጠየቂያ ቁጥሩን በሚስጥር ቁጥር አባዝቼ፣ ደምሬበት የመክፈቻ ቁጥር እሰጣለሁ። ደንበኞቼ ብዙዎቹ ኢንተርኔት የላቸውም፣ በስልክ ነው የምንነጋገረው። አንዱ ደንበኛ ራሱ መክፈቻ ማውጣት ጀመረ። ሚስጥሬን ማን ነገረው?

መልስ፦ ፕሮግራምህ ራሱ ነገረው። የደንበኛው ኮምፒውተር መክፈቻው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ያንኑ ሂሳብ መሥራት አለበት፤ ስለዚህ ሂሳቡም ሚስጥሩም ሸጠህለት በሄድከው ፋይል ውስጥ አለ። ሲ ሻርፕ ደግሞ በነፃ በሚገኙ መሣሪያዎች ዲኮምፓይል ሲደረግ ከሞላ ጎደል የጻፍከውን ኮድ መልሶ ያሳያል።

መፍትሔው ዲጂታል ፊርማ ነው። ሁለት ቁልፍ ታወጣለህ፤ የሚፈርመው ሚስጥራዊ ቁልፍ አንተ ዘንድ ይቀራል፣ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ይፋዊ ቁልፍ ብቻ ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል። በይፋዊው ቁልፍ ማረጋገጥ እንጂ መፈረም አይቻልም። በዶትኔት (ሲ ሻርፕ በሚሠራበት ማዕቀፍ) ውስጥ ኢሲዲኤስኤ ፒ-256 የሚባለው የፊርማ ዘዴ አብሮ አለ፣ ፊርማው 64 ባይት ነው፤ አርኤስኤ 2048 ከሆነ 256 ባይት ይሆናል። የራስህን የፊርማ ዘዴ አትፍጠር።

ከደንበኛው ወደ አንተ የሚመጣው ቁጥር በስልክ መነበብ ስላለበት በአሃዝ ብቻ አድርገው። የእንግሊዝኛ ፊደል ካለበት ቢን ከዲ፣ ፒን ከቲ፣ ኦን ከዜሮ መለየት በተቆራረጠ መስመር መከራ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ሃሽ የመጀመሪያ 8 ባይት እንደ ቁጥር ወስደህ ለ1,000,000 ስታካፍለው የሚተርፈውን ያዝ፤ ስድስት አሃዝ ይሆናል። አራት ክፍል፣ አራት ባለ ስድስት አሃዝ ቡድን፣ መጨረሻ ላይ ለማረጋገጫ ሁለት አሃዝ። ማያው ላይ ለምሳሌ 471903-000000-265518-830274-61 ብሎ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ዩዩአይዲ፣ ዲስክ፣ ኬብል ካርድ፣ ጉዪድ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ሁለተኛው ቡድን ዜሮ መሆኑ የዲስኩ ሴሪያል አልተነበበም ማለት ነው፤ ላይሰንስ ከመስጠትህ በፊት አጣራ። ደንበኛው ከጥገና በኋላ ሲደውል ደግሞ አዲሱን ቁጥር ከድሮው ሥር ጽፈህ ስታየው የተቀየረው ቦርዱ ይሁን ዲስኩ በዓይንህ ታየዋለህ። ሃሹን ከማውጣትህ በፊት የፕሮግራምህን የራሱን የሚስጥር ቃል ጨምርበት፤ ካልሆነ ሌላ ፕሮግራም የሚያወጣው ሃሽ ከአንተ ጋር ይገጥማል።

ከአንተ ወደ ደንበኛው የሚሄደው ግን በስልክ አይነበብም፤ 64 ባይት ፊርማ በፊደል ሲጻፍ ከመቶ በላይ ሆሄ ነው። ፋይል አድርገው። የደንበኛው ስም፣ አራቱ ቡድኖች፣ የማብቂያ ቀን፣ ከሥሩ ፊርማ። በቴሌግራም ወደ ስልኩ ትልክለታለህ፣ ከስልኩ በዩኤስቢ ኬብል ወደ ኮምፒውተሩ ያስተላልፋል። ፋይሉን ፕሮግራም ዳታ በሚባለው ፎልደር አስቀምጠው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከሆነ ያለ አድሚኒስትሬተር ፈቃድ መጻፍ አይቻልም፤ የአንዱ ተጠቃሚ የግል ፎልደር ውስጥ ከሆነ ደግሞ የማታው ገንዘብ ተቀባይ በራሱ ስም ሲገባ «ላይሰንስ የለም» ይለዋል።

ሚስጥራዊውን ቁልፍ በሁለት ፍላሽ፣ በሁለት ቦታ አስቀምጥ። ከጠፋብህ ለተሸጠው ሁሉ ላይሰንስ ማውጣት አትችልም፤ ከወጣብህ ማንም ያወጣል።

ጥያቄ፦ ላይሰንሳችን በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ደንበኞች ቀኑን ወደ ኋላ እየመለሱ ያለ ክፍያ ይጠቀማሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከፍሎም «ጊዜው አልደረሰም» ይለዋል። ምን እናድርግ?
— የሶፍትዌር ሻጭ፣ ከታቦር

መልስ፦ የሁለተኛው መነሻ አብዛኛውን ጊዜ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ሰዎች ኮምፒውተሩን በኢትዮጵያ ዓመት ይሞሉታል፤ ከእውነተኛው 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩም ድረ ገጾችን «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ብሎ ይከለክላል። ፕሮግራማችሁ ይህን ራሱ ይያዘው፤ የኮምፒውተሩ ዓመት ፕሮግራሙ ከተሠራበት ዓመት ካነሰ «የኮምፒውተርዎን ዓመት ያስተካክሉ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሙሉ» የሚል ግልጽ ጽሑፍ ያሳይ። «ላይሰንስ ስህተት» ብቻ ብሎ መዝጋት የከፈለን ሰው ማስፈራራት ነው።

የማብቂያውን ቀን በቀን ቁጥር ወይም በአውሮፓውያን ቀን ያዙት፣ ለደንበኛው ሲታይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ቀይሩት። በኢትዮጵያ ቀን አስቀምጦ ሂሳብ መሥራት ጳጉሜን ላይ ያሰናክላል፤ አንድ ዓመት 5 ቀን፣ ሌላ ዓመት 6 ቀን ነውና።

ወደ ኋላ ለሚመልሱት፦ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ያየውን የመጨረሻ ቀን ይመዝግብ። ከዚህም በላይ የሚጠቅመው የሽያጭ መዝገቡ ራሱ ነው፤ የኮምፒውተሩ ቀን ከመጨረሻው ደረሰኝ ቀን ወደ ኋላ ከሆነ አንድ ነገር አለ። ግን እዚህም አትቸኩሉ፤ ያለቀ የቦርድ ባትሪም ልክ ይህን ያደርጋል። የሁለት ቀን ልዩነት ይታለፍ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀኑን አስተካክሎ እንዲቀጥል ጠይቁት እንጂ ላይሰንሱን አትሰርዙ። በተቃራኒው ኮምፒውተሩ በስህተት ወደ ፊት ሄዶ ቀን ከመዘገበም ደንበኛው ለዘላለም ይዘጋበታል፤ ያንን መዝገብ የሚያጸዳ በፊርማ የሚሠራ ፋይል አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ጥገና ሥራ አለኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት 20 ኮምፒውተር አዘጋጃለሁ። አንዱን ጨርሼ በክሎን ወደ ሌሎቹ ሳወርደው የማስተማሪያ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው በቀር በሁሉም ላይ ተቆለፈ።
— ጠጋኝ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ፕሮግራሙ ሥራውን ነው የሠራው። ቅደም ተከተሉን ይለውጡ፤ ዊንዶውሱንና ፕሮግራሙን ጭነው ላይሰንሱን ሳያስገቡ፣ በሲስፕሬፕ (ዊንዶውስን ለክሎን በሚያዘጋጀው የራሱ መሣሪያ) ጄነራላይዝ የሚለውን መርጠው ይዝጉትና ከዚያ ክሎን ያድርጉ። ላይሰንሱ በየኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ ይገባል። የ20ውን የመጠየቂያ ቁጥሮች ከየኮምፒውተሩ ሴሪያል ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝግቡና ለትምህርት ቤቱ ያስረክቡ፤ ነገ አንዱ ሲበላሽ የሚፈለገው ይህ ወረቀት ነው።

ሻጩ በኔትወርክ የሚሠራ ላይሰንስ ካለው ለኮምፒውተር ክፍል እሱ ይሻላል። አንድ ኮምፒውተር ላይሰንሱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ሲከፍቱ ይዋሳሉ፣ ሲዘጉ ይመልሳሉ፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ አይፒ ይስጡት፣ ፋየርዎሉ ላይ ፖርቱን ይክፈቱለት፣ ዩፒኤስም ይኑረው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ተማሪዎቹ የያዙትን ላይሰንስ ሳይመልሱ ስለሚጠፉ፣ መብራቱ ሲመጣ «ላይሰንስ አልቋል» ይላል። ያልተመለሰ ላይሰንስ እስኪለቀቅ የሚጠበቀው ጊዜ በሰዓታት ከተሞላ ክፍለ ጊዜው ይባክናል፤ ወደ 5 ወይም 10 ደቂቃ ያውርዱት።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ያለው የዲዛይን ፕሮግራም ግቢ ውስጥ ይሠራል፤ ቤት ሆኜ በስልኬ ኢንተርኔት ስጠቀም ግን ላይሰንሱ የዚህ ማሽን አይደለም ይለኛል። ማሽኑ እኮ ያው ነው!
— ተማሪ

መልስ፦ እህታችን፣ ላይሰንስሽ በኔትወርክ ካርድ አድራሻ የታሰረ ይመስላል። ይህ አድራሻ ባለ 48 ቢት፣ በስድስት ጥንድ የሚጻፍ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች የአምራቹ ናቸው። ስልክሽን በዩኤስቢ ስትሰኪው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ፕሮግራሙም በዚያ ሰዓት የተገናኘውን ካርድ የሚያነብ ከሆነ የስልኩን አድራሻ ያገኛል።

የላይሰንስ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቺና የተጻፈውን አድራሻ አንብቢ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «አይፒኮንፊግ» ብለሽ «ስላሽ ኦል» ጨምሪበት፤ ያ አድራሻ የየትኛው ካርድ እንደሆነ ታያለሽ። የላፕቶፑ የራሱ ካርድ ከሆነ ካርዱ ዲሴብል አለመደረጉንና ኤርፕሌን ሞድ አለመብራቱን አረጋግጪ፤ ዲሴብል የተደረገ ካርድ ከዝርዝሩም ይጠፋል። ኬብል ባይሰካበትም መኖሩ ይበቃል።

የዋይፋይ ካርድ ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ ሥር አድራሻውን በዘፈቀደ የሚቀያይረውን ምርጫ አጥፊው። በርቶ እንደነበር የምታውቂው በአድራሻው ሁለተኛ ሆሄ ነው፤ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ የፋብሪካው አይደለም፣ ዊንዶውስ የፈጠረው ነው። ላይሰንሱ በዚያ አድራሻ ወጥቶ ከሆነ ቅንብሩን ካጠፋሽ በኋላ በእውነተኛው አድራሻ እንዲተካልሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ክራክ (መቆለፊያ መስበሪያ) አለው። ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?
— ስማቸውን ያልጻፉ አንባቢ

መልስ፦ እውነት ነው፣ በደንበኛው እጅ ያለ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ አይችልም። ችሎታና ጊዜ ያለው ሰው የማረጋገጫውን መስመር ፈልጎ ይዘለዋል። መቆለፊያው የሚያቆመው ፍላሽ ይዞ መጥቶ ገልብጦ የሚሄደውን ነው፤ የአገር ውስጥ ሻጭን ገቢ የሚበላውም በአብዛኛው እሱ ነው። ስለዚህ ለመቆለፊያ ወር አይፈጅበትም፤ ጥቂት ቀን ይበቃዋል።

ክራክ ለሚጭኑት ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። ክራኩ ሲጫን «አንቲቫይረሱን ያጥፉ» ይላል፤ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድም ይገባል። የሽያጭ ሂሳብ፣ የደንበኛ ስልክ፣ የባንክ የይለፍ ቃል ባለበት ኮምፒውተር ላይ ማንነቱን ለማያውቁት ሰው በሩን ከፍተው ሰጡት ማለት ነው። በሕግም የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ በዚህ ቁጥር አማካይነት ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለውን ያያል?
— ከሀይቅ ዳር

መልስ፦ ከቁጥሩ አያይም። በትክክል የተሠራ መጠየቂያ ቁጥር ሃሽ ስለሆነ የዲስክዎ ሴሪያል እንኳ ተመልሶ አይነበብበትም፤ ፋይልዎንማ ጨርሶ አይነካም። ሻጩ ከስምዎና ከስልክዎ ጋር አያይዞ ሲመዘግበው ግን የእርስዎ የግል መረጃ ይሆናል፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ለማዛወር የሚያስፈልገው መጠየቂያ ቁጥሩ፣ ስምዎና የመገናኛ ስልክዎ ነው። ሻጩ ከዚህ አልፎ በርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ገብቶ ላስተካክል ካለ አጠገቡ ተቀምጠው ይከታተሉ፤ ሲጨርስም ፕሮግራሙን ያራግፉት፣ የሰጡትንም የይለፍ ቃል ይቀይሩ።